የክኒኑን ቅሽር ፍለጋ

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ጅማ ከተማ ውስጥ ከአንዱ ፋርማሲ ወጥቼ ወደ ሌላው እየገባሁ፣ የክኒን ባዶ ፓኮ እያሳየሁ፣ «የዚህን ቅሽሩን አላችሁ?» ስል ዋልኩ። ሳቁብኝ። አንዱማ ጓደኛውን ከጓዳ ጠርቶ፣ እሱም እንዲስቅ እንደገና አስጠየቀኝ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም። ባለቤቴ ሚዛን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ተኝታ ስላችሁ አልጋ ይዛ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ጭራሽ አልነቃ ብላ ነበር። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። የምኖረው ቴፒ ነው፤ የምተዳደረው በቡና መቀሸሪያ ማሽን ነው። ጀንፈል የምንለው ከነገለባው የደረቀውን ቡና ነው። ጀንፈሉን እንዳለ አትቆላውም፣ አትጠጣውም። ማሽኑ ገለባውን አውልቆለት ፍሬው ብቻውን ሲወጣ ነው ቅሽር የሚባለው። እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጀንፈል እየተቀበልኩ ቅሽር የማስረክብ ሰው ነኝ። ማሽን ቆሞ ማየት አልችልም። ቀበቶው ይበጠስ፣ ወንፊቱ ይደፈን፣ ከፍቼ ገብቼ ሳላስነሳው ምሳ አልቀምስም። ጠባዬ ነው፤ ቤተሰቤም ለምዶታል።

ባለቤቴ አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት ነበረባት። በእኛ አካባቢ ብርቅ ነገር አይደለም። እያደር ግን ትንፋሽ ሲያሳጥራት ወስጄ በቀዶ ጥገና አስወጣሁላት። አንገቷ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ጠባሳ ብቻ ቀረች። ከሆስፒታል ስትወጣ ክኒን ሰጧት፤ በየቀኑ ሳታቋርጪ ዋጪ አሏት። እሷም ሆነች እኔ ክኒኑ ቁስል ማድረቂያ ነው ብለን ነው የተቀበልነው። ሰው ተቀዶ ሲወጣ የሚሰጠው ክኒን ቁስል ማድረቂያ ነው፤ ሌላ ነገር ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ ጠባሳው ሲጠግግ ክኒኑንም ተወችው። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ምኑን ታድርቅ? በደስታ ነው የተወችው። ቤተ ክርስቲያን ቆማ ምስክርነት ሰጠች፤ እኛም አጨበጨብን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ቀስ እያለ ስለመጣ ማንም ልብ አላለውም። አስቴር ወፈረች። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጮቿ ነፋ ነፋ አሉ። ያን ዓመት ቡና ጥሩ ዋጋ አውጥቶ ስለነበር ሰው ሁሉ እኔን ነው ያመሰገነው። «ይዘሃታል! ቡናው ተስማማት!» ይሉኛል ገበያ ላይ። እኔም ደረቴን ነፍቼ አልፋለሁ። እብጠት መሆኑን ማን ይንገረኝ?

ድምጿም ጎረነነ። በመዝሙር ቡድኑ ከፊት የምትቆመዋን ሴት «አሁንስ ከወንዶቹ ጋር ነው የምናቆምሽ» እያሉ ቀለዱባት፤ አብራቸው ሳቀች። እንቅልፍ አበዛች። ምጣድ ጥዳ ትተኛለች፣ ወሬ ጀምራ ትተኛለች። እህቷ ማርታ ሳትቀር «እንቅልፋም ሆነሻል» ትላት ጀመር።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ብርዱ ነው። ቴፒን የሚያውቅ ያውቃታል፤ እኛ ከተማ ሰው ሸሚዙን አውልቆ በረንዳ ላይ ነው የሚያመሸው። አስቴር በዚያ ወበቅ ብርድ ልብስ ደርባ «በረደኝ» ትላለች። ቴፒ ላይ በረደኝ ያለ ሰው ደግሞ ያለበት በሽታ አንድ ነው፤ ወባ። ደሟን አስመረመርን፤ የለም አሉ። «ተደብቆ ነው እንጂ አለ» ብለን የወባ መድኃኒት ገዝተን ዋጠች። ብርዱ ባይለቃት እንደገና አስዋጥናት። እኔ ራሴ ነኝ ሄጄ የገዛሁት።

ነሐሴ ላይ ሳል ጀመራት። ሳሉ ጠነከረ፣ ምግብ ተወች። አንድ ቀን ጧት ሻይ ይዤላት ገብቼ ብጠራት አልመለሰችም። ነቀነቅኳት። ዓይኗን በግድ ገለጥ አድርጋ አየችኝ፤ ያየችኝም አልመሰለኝም። እግሯን ብነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጮኼ ማርታን ጠራሁ፤ በጎረቤት መኪና ይዘናት ወጣን። እዚያው ከተማችን ያዩዋት ሐኪሞች አልቆዩም፤ ቶሎ ወደ ሚዛን አሉን። በሸኮ በኩል ያለውን ጥምዝምዝ መንገድ ማርታ የእህቷን ራስ ታቅፋ እየጸለየች፣ እኔ ደግሞ የትንፋሿን ድምፅ እያዳመጥኩ ደረስን።

ሚዛን የተቀበለችን ሐኪም በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ከወደ ሰሜን የመጣች ወጣት ናት። አስቴርን መረመረቻትና አንገቷ ላይ ያለችውን ጠባሳ ስታይ እጇ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ የምን ቀዶ ጥገና ነው?»

«እንቅርት ነበረባት፤ ወጣላት።»

«ክኒኗስ?»

«ቁስሉ ሲደርቅ ተወችው» አልኩ።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ሥራ ጀመሩ። ኦክስጅን ሰጧት፤ ለሳንባዋና ለድካሟ ብለው በደም ሥሯ መድኃኒት ሰጧት። ዋናውን፣ ያንኑ የተወችውን ክኒን፣ ፈጭተው በውኃ በጥብጠው በአፍንጫዋ ባስገቡት ቱቦ ላኩላት። መውረዱን በዓይኔ አየሁ። «ጎሽ፣ አለቀ» አልኩ በልቤ። መድኃኒቱ ከገባ ምን ይቀራል? ወንበር ስቤ ፊት ፊቷን እያየሁ መጠበቅ ጀመርኩ።

ምንም የለም። ያን ቀን ምንም የለም፤ በማግስቱም ምንም የለም። በየጧቱ ክኒኑ ይገባል፤ አስቴር እንዳለች ናት። እኔም አላረፍኩም። እግሯ አልሞቅ ሲለኝ ሻይ ቤት ሄጄ በላስቲክ ጠርሙስ ፍል ውኃ አስሞልቼ መጣሁና ብርድ ልብሱን ገልጬ እግሯ ሥር ልወሽቀው ስል ነርሷ ሮጣ ደረሰች።

«ኧረ ጋሼ! እንዲህ አይደረግም! በአንዴ ሲሞቃት የደም ግፊቷ ይወርዳል፤ ልናጣት እንችላለን። ብርድ ልብሱ ይበቃታል።»

ጠርሙሱን ይዤ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። የገዛ ሚስቴን እግር ማሞቅ እንኳ ተከለከልኩ። ቆሽቴ አረረ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሰዎች ቢያንስ ይጸልያሉ። ማርታም ትጸልያለች። እኔ ሁለት ቃል ስጸልይ ሐሳቤ ያመልጠኛል፤ አሁንም አሁንም ተነስቼ ቱቦውን አያለሁ፣ ተደፍኖ ይሆን ብዬ። በመጨረሻ ሐኪሟን ተከትዬ ወጣሁና አላሳልፍ አልኳት።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱ ገብቷል አይደል? ታዲያ ለምን አይሠራም?»

ደክሟት ነበር፤ ግን ቆማ አስረዳችኝ። እንቅርቱ ሲወጣ አንገቷ ውስጥ የነበረው ዕጢ በሙሉ አብሮ ወጥቷል አለችኝ። ክኒኑ ዕጢው ያመነጨው የነበረውን ሆርሞን ነው የሚተካው፤ እሱ ሲጠፋ ነው ሰው የሚያብጠው፣ የሚበርደው፣ እንቅልፍ የሚያበዛው። «ሆርሞኑ ግን እንደገባ እንዳለ ብዙም አይሠራም። አራት አዮዲን ተሸክሟል። ከአራቱ አንዱ ሲነሳለት ነው እውነተኛ ሥራውን የሚጀምረው። ያንን የምታነሳለት ራሷ ናት፤ ሰውነቷ ነው።»

«ጀንፈል ነዋ!» አልኩ ሳላስበው።

«ምን?»

ነገርኳት፤ ገለባውን፣ ማሽኑን፣ ቅሽሩን። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «አዎ፣ ልክ እንደሱ ነው» አለችኝ። «በቱቦ የምንሰጣት ጀንፈሉን ነው።»

ለካ ይሄ ነው! ቀናት ሙሉ ሳይገባኝ ቆይቶ በአንድ ጊዜ በራልኝ። ይኼማ የእኔ ሥራ ነው።

«መቀሸሪያው የት ነው ያለው?»

«አንድ ቦታ አይደለም። ጉበቷ ውስጥ አለ፣ ኩላሊቷ ውስጥ አለ፣ ጡንቻዋ ውስጥ አለ። አንጎሏም ለራሱ የሚሆነውን እዚያው ይቀሽራል። ግን ሰው በጣም ሲታመም ሰውነት ይህን ሥራ ይቀንሳል። እሷ ደግሞ በሳንባዋም ታማለች።»

«እና ማነው የሚያስነሳው?»

«ማንም አያስነሳውም፣ ጋሼ። እኛ ጀንፈሉን እናቀርባለን፣ ሳንባዋን እናክማለን፣ እንጠብቃለን።»

እንጠብቃለን! ለእኔ? በጣም ተናደድኩ። «ቆይ፣ ታዲያ ቅሽሩን ለምን አትሰጧትም? የተቀሸረ አይሸጥም?»

«ተቀሽሮ የሚሠራም አለ፤ እኛ ጋ ግን የለም» አለችኝና ሌላ በሽተኛ ስለመጣባት ሮጣ ሄደች።

«እኛ ጋ የለም» ስትል እኔ የሰማሁት «እዚህ ሆስፒታል የለም» ስትል ነው። አንባቢዎች ሆይ፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሰማላችሁ? ሱቅ ሄዳችሁ ባለሱቁ «እኛ ጋ የለም» ቢላችሁ ቀጣዩ ሱቅ ነው የምትሄዱት። እኔም ቀጣዩ ሱቅ ሄድኩ።

የሚዛንንና የጎረቤቷን ከተማ የአማንን ፋርማሲዎች ያን ዕለት ከሰዓት አዳረስኩ። «ቅሽር የሚባል መድኃኒት አናውቅም» አሉኝ። በማግስቱ ጧት ማርታን አስቴር ጋ ትቼ በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። «አሁን ጥለሃት ነው የምትሄደው?» አለችኝ ማርታ። «ቁጭ ብዬ ሳያት ልትሞት ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባት። ቦንጋ ወርጄ ጠየቅኩ፤ የለም። ሌላ መኪና ይዤ ጅማ ገባሁ። እዚያ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ እየሳቁ ሸኙኝ።

መጨረሻ የገባሁበት ፋርማሲ አንዲት ጠና ያለች ሴት ነበረች። ፓኮውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «ቅሽሩን» ስላት አልሳቀችም።

«ማን ነው ቅሽር ብሎ የነገረዎት?»

ሁሉንም ነገርኳት። ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ውኃም ሰጠችኝ።

«እኔም የቡና ገበሬ ልጅ ነኝ» አለችኝ። «ያሉት ገብቶኛል። ግን ጋሼ፣ እኔ እስከማውቀው ቅሽሩ አገር ውስጥ አይገባም። ሐኪሟ እኛ ጋ የለም ያለችዎት አገራችንን ማለቷ ነው።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። አዲስ አበባ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱም ቀረ።

«ቢገኝ ኖሮም እኔ እፈራው ነበር» ብላ ቀጠለች። «ቅሽሩ እንደገባ ነው የሚሠራው። ልቧ ደክሟል፤ የደከመ ልብ ላይ ድንገት ሲወርድበት ላይችለው ይችላል። ጀንፈሉን ሰውነቷ በአቅሙ ልክ ቀስ እያለ ቢቀሽረው ይሻላታል። ይመለሱ፤ አጠገቧ ይሁኑ።»

እዚያ በርጩማ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የመጣ የሄደው ያየኛል፤ ግድ አልሰጠኝም። ሴትየዋ ደንበኞቿን እያስተናገደች፣ በመሐል በመሐል እያየችኝ፣ እስክነሳ ድረስ ጠበቀችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

ያን ዕለት የማገኘው መኪና ቦንጋ ድረስ ብቻ ስለነበር እዚያ አደርኩ። ጧት ወደ ሚዛን ጉዞ ጀመርን። ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጫካ ውስጥ ስንገባ ኔትወርክ ይጠፋል። ስልኬን በእጄ ይዤ እያየሁት ነው የምሄደው። አንድ ዳገት ጫፍ ላይ ስንደርስ ጠራ። ማርታ ናት።

«ሃሎ! ሃሎ! ትሰማኛለህ? አስቴር ዓይኗን...»

ተቋረጠ።

ዓይኗን ምን? ከፈተች ነው ወይስ ከደነች? ደወልኩ፤ አይሠራም። አሁንም ደወልኩ፤ አይሠራም። የእኛ ቋንቋ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ እንደዚያ ቀን አናድዶኝ አያውቅም። ማርታ ስትደውል እያለቀሰች ነበር፤ እሷ ግን በደስታም በኀዘንም ታለቅሳለች፤ ሠርግ ላይ እንኳ የእሷን ያህል የሚያለቅስ የለም። ድምጿን በልቤ እየመላለስኩ አዳመጥኩት። አንዴ የምሥራች ይመስለኛል፤ አንዴ መርዶ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ምነው፣ ደህና አይደሉም?» አለኝ። ምን ልበለው? «ግስ ቀርቶብኝ ነው» ልበለው?

ሹፌሩን «ፍጠን» አልኩት፤ «በዚህ ጭቃ?» አለኝ። ልክ ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ከመቁጠር በቀር የምሠራው የለም። እዚያ ጫካ ውስጥ፣ የቀብሯን ሁኔታ ሳይቀር አሰብኩ፤ ማንን አስቀድሜ እንደምጠራ፣ ርቀው ላሉት ልጆቻችን በምን አፌ እንደምነግር። ደግሞ ወዲያው ማሰቤ ራሱ የሚገድላት መስሎኝ «ይቅር በለኝ» እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት አቅም አጥቼ አላውቅም።

ሚዛን ስንደርስ ኔትወርክ መጣ፤ እኔ ግን መደወል ፈራሁ። እስካላወቅኩ ድረስ አለች ማለት ነው ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ሆስፒታሉ በር ላይ ወረድኩ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ገፍቼ መግባት አቅቶኝ ቆምኩ።

ከውስጥ የማርታ ድምፅ ተሰማኝ። «ቀስ በይ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የምትጎነጪው» ትላለች።

ገባሁ። አስቴር ትራስ ተደግፋ፣ ዓይኗን ከፍታ፣ በማንኪያ ውኃ ትጠጣለች። ፊቷ እንዳበጠ ነው፤ ከንፈሯ ደርቋል። አየችኝ። በዚህ ጊዜ በእርግጥ እኔን ነው ያየችው።

«የት ጠፋህ?» አለችኝ። ቃሉ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው።

«ጅማ። መድኃኒት ፍለጋ።»

«አመጣህ?»

«የለም አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ሰጥታችሁኝ ነቃሁ?» አለች።

ምንም አዲስ ነገር አልሰጠናትም። እኔ ከተማ ለከተማ ስዞር፣ ሳለቅስ፣ በሰው ስጮኽ፣ ሥራው እዚያው አልጋ ላይ እየተሠራ ነበር። የሠራችው ደግሞ እሷ ናት፤ ሁላችንም እንቅልፋም ስንላት የከረምናት ሴትዮ፣ ተኝታ። እጇን ይዤ «ኧረ ምንም አልሰጠንሽም» አልኳትና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዛሬ አስቴር ደህና ናት። እብጠቱ ወርዷል፤ ድምጿም ቀስ በቀስ ተመልሶ መዝሙር ቡድኑ ውስጥ ገብታለች። ቀጠን ስትል ደግሞ «ምነው፣ ቡናው ዘንድሮ አልሆነም?» የሚሉኝ አልጠፉም። የሰማ ሁሉ «ጅማ ድረስ ተንከራተህ አዳንካት» ይለኛል። እኔ እናደዳለሁ። ያዳንኳት እኔ አይደለሁም፤ ስትነቃ እንኳ አጠገቧ አልነበርኩም። ያቺ የጅማ ፋርማሲስት ባትመልሰኝ ኖሮ አዲስ አበባ ገብቼ ቅሽር ስፈልግ ነበር የምገኘው። አግኝቻት ባመሰግናት ደስ ይለኛል።

ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው ተብለናል። በየጧቱ ባዶ ሆዷን ስትውጠው ውኃውን የማቀብላት እኔ ነኝ። በጉሮሮዋ ሲወርድ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ቦታ እኔ የምገባበት አይደለም። ይህን ያህል ዘመን በትዳር ስንኖር፣ ብሞትላት እንኳ ላግዛት የማልችልበት ቦታ እንዳለ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ብርጭቆውን ይዤ በቆምኩ ቁጥር፣ በየጧቱ አውቀዋለሁ።